ከጎማው ወደ ድንኳኑ፦ በእጅ የሚሠራ የኦፍሮድ ተሳቢ ዳሰሳ

በጅቡቲ መስመር የምናውቀው ተሳቢ ከከባድ መኪና ኋላ የሚታሰር፣ ብዙ ጎማ ያለውና የንግድ ዕቃ የሚሸከም ነው። በአሜሪካና በአውስትራሊያ ደግሞ ከቤት መኪና ኋላ የሚታሰር ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ተሳቢ በብዙ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል። በአዘቦት ቀን አሸዋ፣ እንጨትና ቆሻሻ ያመላልሳል፤ ዕረፍት ሲደርስ ድንኳን፣ ውኃ፣ ማቀዝቀዣና ምድጃ ጭኖ አስፋልት ወደማይደርስበት በረሃና ጫካ (ኦፍሮድ) ይሄዳል። ሁለቱንም ሥራ የሚችል ተሳቢ በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን አንዳንዴ ከጎታቹ መኪና ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በየጋራዡ ብረት ቆርጦ፣ በይዶና ቀለም ቀብቶ የራሱን የሚሠራ ሰው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ሥራ ሲወራ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በድንኳኑና በተንሸራታቹ ወጥ ቤት ላይ ነው። ጉዞውን የሚያሰናክሉት ግን እነሱ አይደሉም። የተቀደደ ድንኳን ይሰፋል፤ ያልተመቸ መደርደሪያ በአንድ ከሰዓት ይቀየራል። የተሰነጠቀ የመጎተቻ ዘንግ፣ የተቃጠለ ኩሽኔታ ወይም ከልክ ያለፈ ክብደት ግን መኪናውን ከነተሳቢው መሀል በረሃ ያስቀራል፣ ሲብስም ሰው ይጎዳል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ከታች ጀምረው ወደ ላይ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ዳሰሳም ያንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል።

ከጦር ሠራዊት ወደ ግቢ

የዘርፉ አንዱ መነሻ ወታደራዊ ነው። በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በበትለር ከተማ የነበረው አሜሪካን ባንታም የተባለ ትንሽ የመኪና ፋብሪካ በሴፕቴምበር 1940 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የጂፕ ናሙና ለአሜሪካ ጦር አስረከበ። ጦሩ ግን ጂፕን በብዛት የማምረቱን ሥራ ለዊሊስና ለፎርድ ሰጠ፤ ባንታምም ፊቱን ከጂፕ ኋላ ወደሚጎተት የሩብ ቶን ተሳቢ አዞረ። ተሳቢው ክፍት የብረት ሣጥን ነበር። ጎማው ከጂፑ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱ የሌላውን መተካት ይችል ነበር፤ ሣጥኑም ውኃ ስለማያስገባ ወንዝ ሲሻገር ይንሳፈፋል። ከጦርነቱ በኋላ ከሠራዊቱ የተረፉት ለገበሬውና ለአዳኙ ተሸጡ። ኋላ የመጣው ኤም 416 የተባለው ሞዴልም ይህንኑ ንድፍ አስቀጠለ፤ ከመንገድ ውጭ የሚፈቀድለት ጭነት 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ገደማ ነው። ሠሪዎች ዛሬም ይህን አሮጌ ሞዴል እያፈላለጉ ይገዙታል። የሚማርካቸው ውበቱ ሳይሆን ሻንሲውና ሣጥኑ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ለሥራ መብቃታቸው ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ሲቪል ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከጎን ሲታይ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛና የኋላ ክዳኑ ሲነሣ ወጥ ቤት የሚሆን ትንሽ ተሳቢ ተስፋፋ። ሜካኒክስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት በ1947 አንባቢው በቤቱ እንዲሠራው ንድፉን አተመ፤ ያን ንድፍ መነሻ አድርገው የሚሠሩ ሰዎች አሁንም አሉ። በ1950ዎቹ ደግሞ ኢጣሊያ ውስጥ በመኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ለገበያ ቀረበ። በአውስትራሊያ ተራው የብረት ሣጥን ተሳቢ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1.8 በ1.2 ሜትር የሆነው፣ ሸራ ድንኳን ተጨምሮበት የበረሃ ማደሪያ ሆነ። የዛሬው የኦፍሮድ ተሳቢ ሻንሲውን ከወታደሩ፣ የኋላ ወጥ ቤቱን ከእንባ ጠብታው፣ መኝታውን ከጣሪያ ድንኳኑ የወረሰ ድብልቅ ነው።

ከምን ይነሣል?

የሠሪው የመጀመሪያ ውሳኔ መነሻውን መምረጥ ነው። አንዱ መንገድ አሮጌ የጦር ተሳቢ ገዝቶ ማደስ ነው፤ ጥንካሬው የተፈተነ ነው፣ ባዶ ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም፣ መለዋወጫውም እንደልብ አይገኝም። ሁለተኛው የፒክአፕ መኪናን የኋላ ጭነት ክፍል ከነሻንሲው ቆርጦ ወደ ተሳቢ መለወጥ ነው። ርካሽና ፈጣን ቢሆንም የመኪናው የኋላ አክስል ከነዲፈረንሲያሉ ብዙ ኪሎ የሞተ ክብደት ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ተበታትኖ በካርቶን የሚሸጥ ተሳቢ ገዝቶ መገጣጠም ነው። ለአስፋልት ይበቃል፤ ቀጭን ሻንሲውና ትንንሽ ጎማዎቹ ግን ለድንጋይና ለጉድጓድ አልታሰቡም። አራተኛው ሁሉን ከባዶ መበየድ ነው። ብዙ ጊዜና ሙያ ይጠይቃል፣ በምላሹም ስፋቱን፣ ከፍታውንና ክብደቱን ከጎታቹ መኪና ጋር ለክቶ ለማመጣጠን ከሁሉም የተሻለ ዕድል ይሰጣል።

ሁሉን የሚገዛው ክብደት

በአውሮፓና በአውስትራሊያ እስከ 750 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ አያስገድድም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ፍሬን ግዴታ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሠሪ በ750 ውስጥ ለመቆየት የሚያቅደው። ሒሳቡን በወረቀት ላይ እንሥራው። ሻንሲው ከነአክስሉና ከነጎማው 250 ኪሎ፣ ሣጥኑ 110፣ የጣሪያ ድንኳኑ 60፣ ማቀዝቀዣው ከነምግቡ 40፣ 80 ሊትር ውኃ 80፣ ባትሪው 15፣ የጋዝ ሲሊንደሩ 20፣ ምድጃና የወጥ ቤት ዕቃው 25፣ ስኮርታ ጎማው 35 ይሁን። ድምሩ 635 ኪሎ ይሆናል። ወንበር፣ ክሪክ፣ መፍቻ፣ ልብስና የታሸገ ምግብ ሲጨመር 700 ይደርሳል። ምንም ቅንጦት ያልተጨመረበት ተሳቢ ከወሰኑ የሚለየው 50 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። ተጨማሪ መሳቢያ፣ ወፍራም ላሜራ ወይም ሁለተኛ ባትሪ ያስገባ ሰው ሳያውቀው ወደ ሌላ የሕግ ምድብ ይሻገራል።

የጎታቹ መኪና አቅምም የራሱን ወሰን ያበጃል። ባለ ሁለት በር ጂፕ ራንግለር ለረጅም ዓመታት የተፈቀደለት የመጎተት አቅም 2,000 ፓውንድ ወይም 907 ኪሎ ሲሆን፣ የባለ አራት በሩ 3,500 ፓውንድ ወይም 1,588 ኪሎ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የተቀመጡት ለመደበኛ መንገድ ስለሆነ አሸዋና ዳገት ላይ ከወሰኑ በእጅጉ ዝቅ ብሎ መጫን ይመከራል።

ከጠቅላላው ክብደት እኩል የሚያሳስበው አቀማመጡ ነው። በአሜሪካ ተለምዶ የሚሠራበት መመሪያ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጋጠሚያው በኩል በመኪናው ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ለ700 ኪሎ ተሳቢ ይህ ከ70 እስከ 105 ኪሎ ማለት ነው። ጭነቱ ከአክስሉ ኋላ ከበዛ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መዋለል ይጀምራል፤ መዋለሉ ካደገ መኪናውንም ይዞ ይገለብጣል። ስለዚህ ውኃውና ባትሪው፣ ከባድ የሆነው ሁሉ፣ ወደ አክስሉ ቀርቦና ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በተለይ የውኃ በርሜሉ ከአክስሉ ሩቅ ከሆነ ውኃው ባለቀ ቁጥር ሚዛኑ ይለወጣል። ተሳቢው ሲያልቅ በጭነት መኪና ሚዛን ላይ ወጥቶ መመዘን አለበት፤ በግምት የተሠራ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ወደ ማነስ ያዘነብላል።

ሻንሲና ዘንግ

ለዚህ መጠን ተሳቢ በብዛት የሚመረጠው ብረት 2 በ3 ኢንች የሆነ፣ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር ቱቦላሬ ነው። ሰፊ ጎኑ በቁም ሲሆን ለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ ተጋድሞ ከሚኖረው ይበልጣል። ወፍራም ብረት መምረጥ ብቻውን ግን መልስ አይሆንም፤ ክብደቱ በዚያው ልክ ይጨምራልና። ጥሩ ንድፍ ብረቱን ጫና ባለበት ቦታ ያበዛል፣ ሌላ ቦታ ይቀንሳል።

ጫናው ከሁሉም የሚበዛው የመጎተቻ ዘንጉ ከሣጥኑ ሥር ወጥቶ ወደ ፊት በሚዘረጋበት ቦታ ላይ ነው። ዘንጉ ከሣጥኑ የፊት ጠርዝ ላይ ብቻ ከተበየደ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ያው ቦታ ይጎብጣል፣ ይመለሳል፤ ከብዙ ሺህ ምት በኋላ በብየዳው ጠርዝ በኩል ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትፈጠራለች። መፍትሔው ዘንጉን በሣጥኑ ሥር አሳልፎ እስከ አክስሉ መስቀያ ድረስ ማድረስ ነው። ብየዳውም በተቻለ መጠን በዘንጉ ርዝመት ይሄዳል እንጂ ዘንጉን አቋርጦ አይሠራም፤ አቋራጭ ብየዳ፣ በተለይ በታችኛው ገጽ ላይ ያለው፣ የስንጥቅ መነሻ ነው። ዘንጉ ሲረዝም ተሳቢው ወደ ኋላ ሲገፋ ቀስ ብሎ ስለሚታጠፍ ለመንዳት ይቀላል፤ ጠባብ የጫካ መታጠፊያ ላይ ግን ርዝመቱ ያስቸግራል።

አሉሚኒየም ክብደት ይቀንሳል፤ ነገር ግን በሙቀት የታከመ አሉሚኒየም በብየዳው ዙሪያ ጥንካሬውን በከፊል ያጣል። ስለዚህ የቤት ሠሪ አሉሚኒየምን ለሣጥኑ ይይዘዋል፣ ሲያያይዘውም በቡሎን ወይም በሪቬት ነው። ዝገትን ለመከላከል ሻንሲውን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ማስነከር አስተማማኝ ነው። ዚንኩ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፤ ቱቦላሬው መተንፈሻ ቀዳዳ ከሌለው ውስጡ የቀረው አየርና እርጥበት ሊፈነዳ ይችላል። ዚንክ የተቀባ ብረት መበየድም ጭሱ ሰውን ስለሚያሳምም ሽፋኑን መጀመሪያ ፍቆ ማንሣት ያስፈልጋል።

ባሌስትራ፣ ጎማና ኩሽኔታ

በአሜሪካ ከመደብር የሚገዛ አክስል አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ፓውንድ የሚሸከም ነው። ብዙ ጀማሪ ከነሙሉ ባሌስትራው ይገጥመውና ጥንካሬ ያገኘ ይመስለዋል። ለ1,588 ኪሎ የተሠራ ባሌስትራ 700 ኪሎ ሲጫንበት ግን አይተጣጠፍም፤ ተሳቢው በየጉድጓዱ ይዘላል፣ ውስጡ ያለው ዕንቁላልም ማቀዝቀዣም እኩል ይንገጫገጫል። ባሌስትራው መመረጥ ያለበት አክስሉ በሚችለው ሳይሆን ተሳቢው በእውነት በሚመዝነው ልክ ነው።

ከባሌስትራ ሌላ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በአራት ማዕዘን ቱቦ ውስጥ በተጨመቀ ጎማ የሚሠራ አክስል ነው። ዝምተኛና ጥገና የማይፈልግ ነው፤ ከተበላሸ ግን በመንገድ ላይ አይጠገንም። ሁለተኛው እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ክንድ፣ ሞላና ሾክአብዞርበር የሚንቀሳቀስበት ነው፤ በአውስትራሊያ ተወዳጅ ነው። የዚያ አገር የጠጠር መንገድ ገጹ በሽብሽብ የተሞላ በመሆኑ ተሳቢን ለሰዓታት ያለማቋረጥ ያርገፈግፋል፤ ሾክአብዞርበር የሌለው ተሳቢ ቡሎኑ ይላላል፣ የባሌስትራው መስቀያ ይሰነጠቃል።

የጎማው ምርጫ ከባንታም ዘመን አልተለወጠም፦ የተሳቢው ጎማና ቸርኬ ከመኪናው ጋር አንድ ቢሆን ይመረጣል። በኢትዮጵያም በብዛት የሚታዩት ሃይሉክስና ፕራዶ ባለ ስድስት ቡሎን ቸርኬ አላቸው፤ የቡሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለዚህ ልክ የሚሆን የተሳቢ ሀብም (ቸርኬው የሚታሰርበት መሀል ክፍል) ይገኛል። እንዲህ ሲሆን አንድ ስኮርታ ለሁለቱም ይበቃል። በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋትም ከመኪናው ጋር ከገጠመ ተሳቢው መኪናው በደለደለው ዱካ ይከተላል፤ ካልገጠመ በአሸዋና በጭቃ የራሱን አዲስ ዱካ እየቆፈረ መኪናውን ያደክማል።

ኩሽኔታ ትንሽ ዕቃ ቢሆንም ብዙ ጉዞ የሚያበላሸው እሱ ነው። ከረጅም መንገድ በኋላ የጋለ ሀብ ድንገት ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃን በጎማ ማኅተሙ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶው ይበላሻል፣ ኩሽኔታው ከቀናት በኋላ ይቃጠላል። ከመሻገር በፊት ቆሞ ማቀዝቀዝ፣ ከጉዞ በኋላ ግራሶ መቀየርና መለዋወጫ ኩሽኔታ መያዝ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

መጋጠሚያው

በአስፋልት ላይ የሚሠራው መጋጠሚያ ኳስና ኩባያ ነው፤ በአሜሪካ 2 ኢንች፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ የተለመደ ነው። ኳሱ ግራና ቀኝ በደንብ ይዞራል። ነገር ግን መኪናው በአንድ ጎን አዘንብሎ ተሳቢው በሌላ ጎን ሲያዘነብል ቶሎ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ጠምዛዛው ኃይል የሚያርፈው በዘንጉ ላይ ነው። እርሻ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም፦ ሞፈር ከቀንበር የሚታሰረው በምስማር ሳይሆን በምራን ነው፤ መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን ሁለቱም በየራሳቸው መንቀሳቀስ አለባቸው።

ወታደሩ ይህን የፈታው በቀለበትና በመንጠቆ ነው። ጠንካራና በብዙ አቅጣጫ የሚዞር ነው፤ ክፍተት ስላለው ግን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይንኳኳል። ዛሬ ኦፍሮድ ሠሪዎች የሚመርጡት በሦስት አቅጣጫ የሚዞረውን መጋጠሚያ ነው፤ በአሜሪካ ሎክ ኤን ሮልና ማክስ ኮፕለር፣ በአውስትራሊያ ማክሂችና ዲኦ 35 ይታወቃሉ። የትኛውም ቢመረጥ የደኅንነት ሰንሰለቱ አይቀርም። ሰንሰለቶቹ ሁለት ከሆኑ ከዘንጉ ሥር ተሻግረው ይታሰራሉ፤ መጋጠሚያው ቢፈታ ዘንጉን መሬት ሳይነካ ይይዙታል።

ፍሬን፣ መብራትና ምዝገባ

ፍሬን ግድ ሲሆን ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ተሳቢው መኪናውን ወደ ፊት ሲገፋ በዚያው ግፊት የሚሠራ ሲሆን፣ ሌላው ከሾፌሩ አጠገብ ባለ መቆጣጠሪያ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። የመጀመሪያው ቀላልና ርካሽ ነው፤ በገደላማ ቁልቁለት ግን ሾፌሩ ሳይፈልገው ይይዛል። ስለዚህ ኦፍሮድ ላይ ኤሌክትሪኩ ይመረጣል። በአውስትራሊያ ከ2,000 ኪሎ በላይ ሁሉም ጎማዎች ፍሬን ሊኖራቸው፣ ተሳቢው ከመኪናው ቢለይም በራሱ ሊቆም ይገባል። በአሜሪካ ወሰኑ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ 3,000 ፓውንድ በብዙዎቹ የሚሠራበት ነው።

በእጅ የተሠራ ተሳቢም ሰሌዳ ያስፈልገዋል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሠሪው የብረቱንና የአክስሉን ደረሰኝ ያቀርባል፣ ተሳቢው ይመረመራል፣ ግዛቱም የራሱን የሻንሲ ቁጥር ይሰጠዋል። በዚያ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የግዛቱን የተሽከርካሪ ቢሮ መጠየቅና ደረሰኞቹን ከመጀመሪያው ቀን ማጠራቀም ይበጀዋል። ስፋትም ይታሰብ፤ በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ 80 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ተሳቢ ተጨማሪ የስፋት መብራቶች ይጠየቃል።

ሣጥኑና መኝታው

ከላይ ያለው ክፍል ለጣዕም ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ላሜራ ለአሸዋና ለእንጨት ሥራ ይበረታል። ኮምፔርሳቶ ቀላል ነው፣ በቤት መጋዝ ይቆረጣል፤ ጠርዙ በኤፖክሲ ካልታሸገ ግን ውኃ ጠጥቶ ይበሰብሳል። በጀት ያጠራቸው አሜሪካውያን ሠሪዎች ፎም ሰሌዳ ላይ ሸራ በእንጨት ሙጫ ለጥፈው በቤት ቀለም ይሸፍኑታል፤ ውጤቱ የሚገርም ቀላልና ውኃ የማያሳልፍ ነው፣ ቅርንጫፍ ሲቧጭረው ግን ይጎዳል።

የጣሪያ ድንኳን ሰውን ከእርጥብ መሬት ያርቃል፣ ክብደትን ግን ወደ ላይ ያወጣል። ዘንበል ባለ ዱካ ላይ 60 ኪሎ በሁለት ሜትር ከፍታ መሸከም ተሳቢውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል። አንዳንዱ ሠሪ ድንኳኑን ከፍና ዝቅ በሚል ማዕቀፍ ላይ አድርጎ በጉዞ ጊዜ ከመኪናው ጣሪያ በታች ያወርደዋል።

አቧራ ሌላው ጠላት ነው። የሚሄድ ተሳቢ ከኋላው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ስለሚፈጥር የኋላ በሩ ትንሽ ክፍተት ካለው አቧራው ወደ ውስጥ ይሳባል። የጎማ ማኅተም ያግዛል፤ የበለጠ የሚሠራው ግን ከፊት ለፊት ማጣሪያ ያለው የአየር መግቢያ አበጅቶ የውስጡን ግፊት ከውጭው ከፍ ማድረግ ነው። አየሩ ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ አቧራ መግቢያ ያጣል።

ውኃ፣ ኤሌክትሪክና ጋዝ

ለውኃ ብዙ ሰው ከቋሚ በርሜል ይልቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይመርጣል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይቀራል፣ ወደ ምንጭም በእጅ ይወሰዳል። በኤሌክትሪክ በኩል ትልቁ በላተኛ ማቀዝቀዣው ነው፤ ባለ 40 ሊትር የመኪና ማቀዝቀዣ እንደ ሙቀቱ በቀን ከ25 እስከ 50 አምፔር ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 100 አምፔር ሰዓት ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ብቻ ስለሚወጣለት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይዘልቅም። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ አብዛኛውን አቅሙን ይሰጣል፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ባትሪውም አይሞላም፤ ወፍራም ሽቦና ባለ 50 አምፔር ሶኬት ለዚህ ይውላሉ።

የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ ወደ ታች ወርዶ በሣጥኑ ወለል ላይ ይጠራቀማል። ሲሊንደሩ ከሣጥኑ ውጭ ወይም ወለሉ ላይ መተንፈሻ ባለው የተለየ ክፍል ይቀመጣል፣ ከባትሪ ጋር አብሮ ፈጽሞ አይታሸግም። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ማብሰል ወይም ከሰል ማንደድ ደግሞ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል።

መሥራት ወይስ መግዛት?

በእጅ መሥራት ሁልጊዜ እንደሚታሰበው ብር አያድንም። አክስሉ፣ መጋጠሚያው፣ ጎማው፣ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣውና ድንኳኑ ሁሉ የሚገዙ ናቸው፤ የሚቀረው የሻንሲውና የሣጥኑ ጉልበት ብቻ ነው። መሥራት የሚያዋጣው የራሱ መኪና፣ የራሱ ቤተሰብና የራሱ መንገድ ገበያ ላይ ካለው ዕቃ ጋር ለማይገጥምለት ሰው ነው። ብየዳ የማያምርለት ሰው ደግሞ ሣጥኑን ራሱ ሠርቶ ዘንጉንና የባሌስትራ መስቀያውን ለሙያተኛ ቢሰጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሕይወት የተንጠለጠለው በእነዚያ ጥቂት ብየዳዎች ላይ ነው።

የትም መሄድ የሚችል ተሳቢ የለም። በአውስትራሊያ 1,850 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የካኒንግ ስቶክ ሩት የበረሃ ዱካና ከ1,100 በላይ የአሸዋ ኮረብታ ያለው የሲምፕሰን በረሃ፣ ጥሩ ተሠርቶም ቢሆን ተሳቢ ይዞ መግባት የማይመከርባቸው ናቸው። ተሳቢው ዱካውን ይቆፍራል፣ መኪናውን ያሰምጣል፣ ከተሰበረም ማውጣቱ ከዋጋው ይበልጣል።

ለጀማሪ የሚበጀው አካሄድ ተሳቢውን በሁለት ዙር መሥራት ነው። በመጀመሪያው ዙር ሻንሲ፣ አክስል፣ መጋጠሚያ፣ መብራትና ክፍት ሣጥን ብቻ ይጠናቀቃሉ፤ ተሳቢው ይመዘናል፣ ሰሌዳ ይወጣለታል፣ ለጥቂት ወራት አሸዋና እንጨት ይጫንበታል። በዚህ ጊዜ የላላው ቡሎን፣ የሞቀው ሀብና የተሰነጠቀው ብየዳ ከቤት ቅርብ ሳለ ራሱን ያሳያል፣ ማስተካከሉም በባዶ ሣጥን ላይ ቀላል ነው። ወጥ ቤቱና ድንኳኑ በሁለተኛው ዙር፣ ከ750 የቀረው ኪሎ ስንት እንደሆነ በሚዛን ከታወቀ በኋላ ይመጣሉ። የሚጨመረውን ዕቃ የሚወስነውም ያ ቀሪ ቁጥር ነው።